የድሮ ደብዳቤ ስታነቡ ዓመቱ እንዳይሸውዳችሁ

ሐዋሳ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ቡናዬን ይዤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንን አመሠራረት የሚመለከቱ ደብዳቤዎች ሳነብ ነበር።

መጀመሪያ ተቀባዩን ለዩ። ባለቅኔው ቶማስ ካምቤል ለፖለቲከኛው ሄንሪ ብሩም የጻፈው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1825 በታይምስ ጋዜጣ ወጣ። «ለብሩም» ይበል እንጂ የተጻፈው ለሕዝብ ነው፤ እንደ ግል ደብዳቤ ሳይሆን እንደ ቅስቀሳ አንብቡት።

ቀጥሎ ዘመኑን ወደኛ አቆጣጠር መልሱ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ ወዲህ 8 ይቀነሳል። ደብዳቤው በኛ 1817 ነው፤ ትምህርት የተጀመረበት ኦክቶበር 1828 ግን 1821። እኔ ለሁለቱም 8 ቀንሼ ሰሌዳው ላይ 1820 ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዷ፣ «ቲቸር፣ ኦክቶበር እኮ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው» አለችኝ። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ።

ስሙም ያደናግራል። እ.ኤ.አ. ከ1836 በፊት «የለንደን ዩኒቨርሲቲ» ሲል ይህንኑ ኮሌጅ ማለቱ ነው። በዚያ ዓመት ግን ፈትኖ ዲግሪ የሚሰጥ ሌላ ተቋም በዚሁ ስም ተመሠረተ። የትኛው እንደሆነ እዚያው ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ በእስክሪፕቶ አይሁን።