ታብሌቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት፦ የእንክብካቤ ድርጅቶች የዲጂታል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ታብሌቱን ገልበጥ አደረግኩት። ጀርባው ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ተጽፎባታል። የተለጠፈችበት ፕላስተር ደግሞ የቁስል ፕላስተር ነው። ኃላፊዋ አፈረች። «ስንት ጊዜ ነገርኳቸው መሰለህ!» አለችኝ።

ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሕፃናት እንክብካቤ የሚሰጡ ሠራተኞችን ሳሠለጥን ይህቺን ወረቀት በየቦታው አግኝቻታለሁ። አንዳንዴ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ አንዳንዴ የስልክ ከቨር ሥር። በመንገር የሚሆን ቢሆን ኖሮ ድሮ ጠፍታ ነበር። እኔ አሁን አሁን «ማነው የለጠፋት?» ብዬ አልጠይቅም። ትክክለኛው መንገድ ለምን እንዳስቸገራቸው ነው የምጠይቀው።

ምልክት፦ መዝገቡ ላይ ሁሉንም ሥራ አንድ ሰው የሠራው ይመስላል

የጠዋቱ መድኃኒት፣ የማታው ገላ መታጠብ፣ የሌሊቱ ክትትል፣ ሁሉም በአንዲት ሠራተኛ ስም ተመዝግቧል። ሠራተኛዋ ግን ያን ሳምንት እረፍት ላይ ነበረች። ነገሩ ያስቃል። አንድ አዛውንት መድኃኒታቸውን ሁለት ጊዜ የወሰዱ ቀን ግን ማን እንደሰጣቸው የሚነግራችሁ የለም።

ምክንያቱን ፈረቃ ላይ ቆማችሁ ካላያችሁት አይገባችሁም። ታብሌቱ በደቂቃ ውስጥ ይቆለፋል። ፓስወርዱ ረጅም ነው፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ አይጻፍም። ለጊዜያዊ ሠራተኛ አካውንት እስኪከፈት ቀናት ያልፋሉ፣ ሰውየው ግን ዛሬ ማታ ሥራ ይገባል። ታዲያ ምን ያድርግ? የጓደኛውን ይዋሳል።

መፍትሄው ከሰዓት ይጀምራል። ርክክብ ላይ ቁሙና መግባት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለኩ። አንዲት ተንከባካቢ በአንድ ፈረቃ ስንት ጊዜ እንደምትገባም ቁጠሩና አባዙት። ውጤቱን ለኃላፊው ስታሳዩት ክርክሩ ያልቃል። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ አካውንት ይኑረው። የድርጅቱ በሆነ ታብሌት ላይ በአጭር ፒን ወይም በጣት አሻራ መግባት ይቻል እንደሆነ የሶፍትዌሩን አቅራቢ ጠይቁ። ለጊዜያዊ ሠራተኞች ቀድመው የተዘጋጁ አካውንቶች ይቀመጡ። የፈረቃው ኃላፊ ማን የትኛውን እንደወሰደ ይመዝግብ፣ ፈረቃው ሲያልቅም ፓስወርዱ ይቀየር።

በነገራችን ላይ፣ ፓስወርድ በየወሩ ማስቀየር ሰው «ሰላም1»፣ «ሰላም2»፣ «ሰላም3» እያለ እንዲቀጥል ከማድረግ ውጭ እምብዛም አይጠቅምም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እንኳን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ፓስወርዱ እንደተሰረቀ ምልክት ከሌለ በየጊዜው ማስቀየር አያስፈልግም ብሏል። እርስ በርስ የማይገናኙ ሦስት ቃላትን ማያያዝ ይሻላል። ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ይከብዳል።

ምልክት፦ የተገልጋዮች ፎቶ በሠራተኞች የግል ስልክ ላይ ተገኘ

የሌሊት ተረኛዋ የአንዲት እናት ተረከዝ ላይ መቅላት አየች። የአልጋ ቁስል ሊጀምር ይሆናል ብላ ሰጋች። በስልኳ ፎቶ አነሳችና የሠራተኞች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። እንደ ተንከባካቢ ጎበዝ ናት፣ ቶሎ አይታለች፣ ቶሎ አሳውቃለች። ችግሩ ያ ፎቶ አሁን በግሩፑ አባላት ሁሉ ስልክ ላይ መኖሩ ነው። ባለፈው ዓመት ሥራ የለቀቀውም ከግሩፑ አልወጣም። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ፎቶን ሳይጠይቅ ወደ ክላውድ ይገለብጣል፣ ወይ የቤተሰብ አልበም ውስጥ ይከታል።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ወደ ቅጣት ከመሄዳችሁ በፊት ዋይፋዩን ፈትሹ። የምሬን ነው። ኔትወርኩ ከኮሪደሩ ጫፍ ካልደረሰ የድርጅቱ አፕ እዚያ ክፍል ውስጥ አይሠራም፣ የግል ስልክ ግን ይሠራል። አፑ የሚሠራ ከሆነም ፎቶ ማያያዣው ስንተኛው ገጽ ላይ እንደተደበቀ ተመልከቱ።

ዋይፋዩን አስተካክሉ። በየፈረቃው አንድ የድርጅት ስልክ ይኑር። ግሩፑ መቅረት ካልቻለ ፈረቃ ለመለዋወጥ ብቻ ይዋል፣ የተገልጋይ ስምም ፎቶም አይግባበት። ቀድሞ የተላኩት ፎቶዎች መጀመሪያ ወደ መዝገቡ ይዛወሩ፣ ከዚያ ከግሩፑም ከየስልኩም ይጥፉ። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡት፣ የቁስሉ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ምልክት፦ አንድ ሰው አጠራጣሪ ሊንክ ተጭኗል፣ የሰማችሁት ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው

ኢሜይሉ «የሳምንቱ የፈረቃ ፕሮግራም ተቀይሯል» ይላል። ይህን የማይከፍት ተንከባካቢ አለ? ሊንኩ ፓስወርድ ጠየቀ፣ ሰጠች። ምንም አልተከፈተም። ነገሩ ሸተታት፣ ግን ዝም አለች።

ዝም ያለችው ባለፈው የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት ስላየች ነው። በስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቷል። ከዚያ ወዲህ ማንም ትንፍሽ አይልም። አጥቂ ደግሞ ከሊንኩ ይልቅ የሚጠቀመው በእነዚያ ሦስት የዝምታ ቀናት ነው። ኃላፊው ራሱ «እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ» ብሎ ሲጀምር ሰው አፉን ይፈታል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁኑኑ ከሆነ የተጫነው እንዲህ አድርጉ። መሣሪያውን ከኔትወርክ አውጡት፣ ግን አታጥፉት፣ የሚመረምረው ባለሙያ ሊፈልገው ይችላል። በሌላ መሣሪያ ፓስወርዱን ቀይሩ። አካውንቱን ከሁሉም መሣሪያ አስወጡት። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳውን ነገር ፈትሹ፣ ኢሜይሉ ወደማታውቁት አድራሻ በራሱ እንዲተላለፍ ተደርጎ እንደሆነ። ፓስወርድ ብትቀይሩም ያ ትእዛዝ ካልተሰረዘ ደብዳቤያችሁ እየተነበበ ይቀጥላል።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ለምሳሌ ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ የሚጠይቀው፣ ካልነበረም ዛሬውኑ አብሩት። የሚላከው ኮድ ደግሞ ለማንም አይነገርም፣ «ከአይቲ ክፍል ነኝ» ለሚልም ጭምር።

ምልክት፦ ሲስተሙ ጠፋ፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚያውቅ የለም

ይህ በሀሳብ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 አድቫንስድ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ጥቃት ተመታ። ኩባንያው ለጤናና ለእንክብካቤ ተቋማት ሶፍትዌር ያቀርባል። አንዳንዶቹ ተቋማት የታካሚ መዝገባቸውን ለሳምንታት ማየት አልቻሉም። የ79,404 ሰዎች መረጃ ተወስዷል። ከእነዚህ ውስጥ ቤታቸው ሆነው እንክብካቤ የሚያገኙ 890 ሰዎች ነበሩ፣ የተወሰደውም ወደ ቤታቸው እንዴት እንደሚገባ የሚገልጽ መረጃ ጭምር ነው። በሩን ከፍቶ የሚገባው ተንከባካቢ የሚያነበው ማስታወሻ ማለት ነው። አጥቂዎቹ የገቡት ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ባልነበረው አንድ የደንበኛ አካውንት ነው። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ኩባንያውን 3.07 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል።

እናንተ የአቅራቢያችሁን ሰርቨር መጠበቅ አትችሉም። የምትችሉት ሲስተሙ በሚጠፋበት ሌሊት ባዶ እጃችሁን አለመቅረት ነው። የመድኃኒት ዝርዝር፣ አለርጂ፣ የቅርብ ቤተሰብ ስልክና የእንክብካቤ እቅዱ ፍሬ ነገር በየጊዜው ታትሞ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። አሮጌው ይቀደድ። ቁልፉ የት እንዳለ የሌሊት ተረኛው ይወቅ፤ አንድ ቦታ ላይ ቁልፉ ያለው ማታ ቤቷ በምትሄደው ጸሐፊ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) አለን ስትሉም አንድ ፋይል መልሳችሁ አውጡና አሳዩኝ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም። አንዱ ቅጂ ደግሞ ሁልጊዜ ከኔትወርክ የተነቀለ ይሁን፣ አለበለዚያ ቫይረሱ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

ሁለት አጫጭር ጉዳዮች

ኮምፒውተሩ «አፕዴት አድርግ» እያለ ሲጨቀጭቅ «በኋላ» ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም የሚጠይቀው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። የፈረቃ ጫና በሚቀንስበት ሰዓት ቅጠሩት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖት ነበር፣ አፕዴቱን ላደረገ ሰው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል።

ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት አሁንም ይሠራል? የበር ቁልፍ የሚረከበው ሰው አካውንቱንም ይዝጋ። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈረምባቸው።

ምልክት፦ ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ የተለወጠ ነገር ግን የለም

ብዙ ጊዜ ሥልጠናው በዓመት አንዴ ይሰጣል፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የሌሊት ፈረቃ ደግሞ ተኝቷል። እኔ አሁን አሥር ደቂቃ ነው የምጠይቀው፣ ርክክብ ላይ፣ በሚሠሩበት ታብሌት፣ አንድ ነገር ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አንድ ነገር።

ያም ሆኖ ከኋላ ቆመው ታብሌቱን የማይነኩ አሉ። አንዲት ረጅም ዓመት የሠራች ተንከባካቢ አስታውሳለሁ። ተገልጋዮቹ ከእሷ ሌላ ሰው እንዲመግባቸው አይፈልጉም። ማስታወሻዋን ግን ሁልጊዜ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ወጣቶቹ እንዲያስገቡላት ትሰጣለች። ሰነፍ መስላኝ ነበር። ለብቻችን ስንሆን ጠየቀችኝ፦ «ብሳሳት የሁሉም ሰው መዝገብ ይጠፋል እንዴ?»

አቅራቢውን ጠይቀን የመለማመጃ አካውንት አስከፈትን። የሌሉ ሰዎች ስም፣ የሌለ በሽታ፣ የሌለ መድኃኒት የሞላበት። «እንደፈለግሽ አበላሺው» አልኳት። መጀመሪያ ያደረገችው አንድ የውሸት ታካሚ መሰረዝ ነው። ሲስተሙ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። ቀና ብላ አየችኝ። «ይጠይቃል እኮ!» አለች።