ማድረቂያው ይዞራል፣ ይሞቃል፤ ልብሱ ግን እርጥብ ነው

ሰኔ ሲገባ የጠጋኝ ስልክ በአንድ ዓይነት ቅሬታ ይጨናነቃል፦ «ማሽኑ ደህና ይሠራል፣ ልብሱ ግን አይደርቅም።» ሶኬቱ መሰካቱ፣ በሩ መገጠሙ፣ ብሬከሩ አለመውደቁ ታይቷል ብለን ከዚያ እንነሳ።

ልብስ ገመድ ላይ ተሰጣ ማሽን ውስጥ ገባ፣ የሚያደርቀው ያው ነው። ሙቀት ውሃውን እንፋሎት ያደርገዋል፤ የሚንቀሳቀስ አየር እንፋሎቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ሙቀቱን ነው። የሚጎድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ነው።

ምልክት፦ ይሞቃል፣ ግን አያደርቅም

መጀመሪያ የሚታየው ማጠቢያው ነው። 5 ኪሎ የጥጥ ልብስ በደቂቃ በ800 ዙር ሲጨመቅ 3 ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ በ1400 ዙር ከሆነ ወደ 2 ሊትር ተኩል ይወርዳል። በሬዚስታንስ (በሚግል የኤሌክትሪክ ሽቦ) የሚሞቅ ማድረቂያ አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። መጭመቂያው በጥቂት ደቂቃ የሚያስወጣውን ውሃ ማድረቂያው በሰዓትና በቆጣሪ ካርድ ነው የሚያስወጣው። አንሶላውን ጠምዝዘው ውሃ ጠብ ካለ፣ መልሰው ያስጨምቁት። ማድረቂያውን አይውቀሱ።

ማሽኑ አጥቦ የሚያደርቅ ባለሁለት ሥራ ከሆነ ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 8 እና 5። 8 ኪሎ ማጠቢያ፣ 5 ኪሎ ማድረቂያ ማለት ነው። ሰው ትልቁን ቁጥር ብቻ አንብቦ ያጠበውን በሙሉ እዚያው ያደርቃል። የተጠቀጠቀ ልብስ አየር አያሳልፍም፤ ዳሩ ይሞቃል፣ መሃሉ እንደ ረጠበ ይቀራል። ግማሹን ያውጡ። ሌላም አለ፦ ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ እንፋሎቱን መልሰው ውሃ የሚያደርጉት በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው። እያደረቁም ውሃ ይስባሉ ማለት ነው። ሰፈሩ ውሃ በጠፋበት ቀን፣ ወይም ሮቶው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ማሽኑ ሦስት ሰዓት ዞሮ የሚያወጣው የሞቀ እርጥብ ልብስ ነው። ቧንቧው ሳይከፈት «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ቦርድ የተቀየረበት ማሽን አለ። የሚያስቀው፣ አዲሱ ቦርድ ከተገጠመ በኋላ ውሃው ስለመጣ ማሽኑ ሠራ፤ ጠጋኙም ተመሰገነ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። የልብስ ብናኝ።

ከጥጥ ልብስ የሚረግፈው ብናኝ እንደ ባዘቶ ለስላሳ ነው፤ ሲደራረብ ግን አየር የማያሳልፍ ብርድ ልብስ ይሆናል። ፊልትሮው በየዙሩ ይጠረጋል። በሳምንት አይደለም፣ ሲያስታውሱም አይደለም፤ በየዙሩ። አዲስ ጋቢ ወይም አዲስ ፎጣ በገባ ቀን ደግሞ ማሽኑን መሃል ላይ አቁመው አንድ ጊዜ መጥረግ ነው፤ አንድ አዲስ ጋቢ ብቻውን ፊልትሮውን ይሞላዋል።

«ሁልጊዜ እጠርጋለሁ» የሚለው ሰውም ችግር ያጋጥመዋል። ማለስለሻና መዓዛ ሰጪ ወረቀት የሚጠቀም ከሆነ ወንፊቱ ላይ ዓይን የማያየው ቅባት ይለጠፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ፊልትሮውን አውጥተው ከቧንቧ ሥር ይያዙት። ውሃው በወንፊቱ ሳያልፍ ላዩ ላይ ከቆመ፣ አየርም አያልፍም ማለት ነው። ሞቅ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ላርጎና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፍትግ አድርገው ይጠቡት፤ ሳይደርቅ አይመልሱት።

ከዚያ ፊልትሮው የሚገባበትን ጎድጓዳ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ከወንፊቱ ያመለጠው ሁሉ የሚከማቸው እዚያ ነው፤ በጣት ሲጎተት አንዳንዴ የስንዝር ርዝመት ያለው ግራጫ ድውር ይወጣል። ሳንቲም፣ የሕፃን ካልሲና የፀጉር መርፌም ይገኛል።

ከሥር በኩል የሚከፈት ኮንደንሰር፣ ማለትም እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ የሚያደርግ ባለ ስስ ክንፍ ክፍል፣ ያለው ከሆነ መቆለፊያዎቹን አዙረው ይሳቡት። በክንፎቹ መካከል ወደ ብርሃን ሲመለከቱ ማዶው ካልታየ ተደፍኗል። በሻወር ውሃ፣ ብናኙ ከገባበት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ያጥቡት። በቢላና በሹካ የሚፈቀፍቅ አለ፤ ክንፎቹ ከተጣመሙ አየሩ ዳግመኛ አያልፍም። ሲመልሱት ዙሪያውን ያለው ጎማ ንጹሕና ያልተጣጠፈ ይሁን። ጎማው ካልገጠመ እንፋሎቱ ወደ ክፍሉ ያመልጣል፤ መስኮቱ ያልበዋል፣ የውሃ መያዣው ግን ባዶ ነው። ይህን ምልክት ያየ ሰው ሌላ ነገር ሳይፈታ ጎማውን ይይ።

ሂት ፓምፕ የሚባለው፣ እንደ ፍሪጅ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚፈጀው ግማሽ ያህል ነው፤ ክንፎቹ ግን ብዙ ጊዜ አይወጡም። ለስላሳ ብሩሽ ባለው የአቧራ መሳቢያ ብቻ ይጸዳል። እዚህ ላይ ካቻቢቴ ያስገባ ሰው ጋዙን አፍስሶ ማሽኑን ይቀብራል።

በቱቦ አየር ወደ ውጭ የሚተፋ ከሆነ ማሽኑን አስነስተው ውጭ ወጥተው እጅዎን ቱቦው አፍ ላይ ያድርጉ። ፊት ላይ እንደተነፈሰ ሞቅ ያለ፣ ጠንካራ አየር ካልተሰማ ቱቦው ታንቋል። አንዳንዴ ማሽኑ ወደ ግድግዳ ሲገፋ ቱቦው ከኋላ ተጨፍልቆ ይገኛል፤ አሥር ሴንቲ ወደ ፊት መሳብ ብቻ ይፈታዋል። አሜሪካ ያሉ ቤቶች ውስጥ ቱቦው 4 ኢንች ስፋት ያለውና ግድግዳ ውስጥ የሚጓዝ ነው፤ በዓመት አንዴ በረጅም ብሩሽ ይጠረጋል። እጥፋቱ በበዛ ቁጥር አየሩ ይደክማል። የፕላስቲክ ቱቦ አይገጠም፤ ይቃጠላል። መጋጠሚያው ላይ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ብሎን አይመታም፤ የብሎኑ ጫፍ ብናኝ እየያዘ ራሱ መዝጊያ ይሆናል።

አየር የታነቀበት ማሽን ሙቀቱ መሄጃ ስለሚያጣ ሙቀት ተቆጣጣሪው (ቴርሞስታቱ) እየቆረጠ ይመልሳል፤ በመጨረሻም የሙቀት ፊውዙ ይበጠሳል ወይም ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። ያኔ ጠጋኝ ይጠራል፣ ሬዚስታንስ ይቀየራል፣ በወሩ ያው ይደገማል። ሁለት ሬዚስታንስ በተከታታይ የበላ ማሽን ተከፍቶ ኮንደንሰሩ በብናኝ ተለስኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ርካሹ ሬዚስታንስም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው፤ ግን የገደለው አየሩ ነው።

ከዚህ የባሰው የሙቀት ፊውዙን በሽቦ አገናኝቶ «ሠራልህ» ብሎ የሚሄደው ነው። ያ ፊውዝ ማሽኑ እሳት እንዳይሆን የተቀመጠ የመጨረሻው ጠባቂ ነው። ብናኝ እንደ ፈትል ይቀጣጠላል። ፊውዙ በሽቦ የታለፈበት ማሽን ካለዎት ዛሬውኑ ከሶኬት ይንቀሉት።

ምልክት፦ ይዞራል፣ ጭራሽ አይሞቅም

አሜሪካ ከሆኑ በመጀመሪያ ብሬከሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው መልሰው ያብሩት። የኤሌክትሪክ ማድረቂያው 240 ቮልት የሚያገኘው ከሁለት መስመር ነው፤ ሞተሩ በ120 ስለሚዞር አንዱ መስመር ቢቋረጥም ማሽኑ ደህና መስሎ ይዞራል፣ ሙቀት ግን የለም። በዚህ ምክንያት ደህና ሬዚስታንስ ወደ ቆሻሻ ይጣላል።

ያው ማሽን በኮንቴይነር አዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሞተሩ የ120 ቮልት ነው፤ 220 በቀጥታ ከተሰጠው ይቃጠላል። ይዞ ከመምጣት እዚህ መግዛት ይሻላል።

እዚህ አገር ባለ ማሽን፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ሬዚስታንሱ በቴስተር ሲለካ 2000 ዋት የሆነው 24 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። 24 እያሳየ «ሙቀቱ ደካማ ነው» ከተባለ ቮልቴጁን ይለኩ። ማታ መብራቱ ወርዶ 180 ሲገባ ያ ባለ 2000 ዋት ሬዚስታንስ የሚሰጠው 1340 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ማሽኑን ቀን ላይ ይጠቀሙት።

ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት። ከ10 አምፔር በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ የሱቁ ነጭ ማከፋፈያ ውስጥ ያለው ገመድ እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ ቀልጦ ነው የሚገኘው። ለብቻው 16 አምፔር ሶኬት፣ ባለ 2.5 ሚሊ ገመድ። ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር፣ በፍጹም።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ከበሮው አይዞርም፦ ቺንጋው ተበጥሷል። ይጮሃል፦ ተሸካሚ ጎማው ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ሳይደርቅ «ጨርሻለሁ» ይላል፦ ከበሮው አፍ አጠገብ ያሉት ሁለት የብረት ዘንጎች እርጥበት ይለካሉ፤ በአቼቶ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጓቸው። ውሃ ሳይኖር «መያዣው ሞልቷል» ይላል፦ ተንሳፋፊው ብናኝ ይዞታል።

ገመድ ላይ፦ ደርቋል፣ ግን ይሸታል

ይህ የክረምት በሽታ ነው። ሽታውን የሚያመጣው ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ልብሱ ረጥቦ በቆየ ቁጥር ይራባል፣ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም አይገድለውም። ተጨማሪ ኦሞ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ባክቴሪያውን ይቀልበዋል፣ ፎጣውንም እንደ ካርቶን ያደርቀዋል። ጥጡን በ60 ዲግሪ ያጥቡ። 60ን የማይችል ስፖርት ልብስ ከሆነ በ5 ሊትር ውሃ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉና ያለቅልቁት። አቼቶና በረኪና በአንድ ባልዲ አይገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አሰጣጡም ይስተካከል። የታጠበ ልብስ ማሽን ውስጥ አያድር። በልብስና በልብስ መካከል ቢያንስ አንድ ጭብጥ ይተዉ። ጂንስ ተገልብጦ፣ ኪሱ ወጥቶ፣ ወገቡ እንደ ቱቦ ተከፍቶ ይቆንጠጥ። ጋቢን በአንድ ገመድ ላይ አጥፎ መጣል ለሁለት ቀን ማሻገት ነው፤ በሁለት ጎን ለጎን ገመዶች ላይ ተዘርግቶ መሃሉ አየር ያግኝ። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተሰጥቶ እስከ 6 ሰዓት ይሰብሰብ። ስፌቱና ኪሱ እርጥበት ከቀረው ማሽን ውስጥ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በክረምት ማሽን የሚያስፈልገው ለዚያች 20 ደቂቃ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማሽን የሚያስነሳ ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው።

ክፍል ውስጥ ከተሰጣ መስኮት ይከፈት። ከአንድ ዙር ልብስ የሚተነው ሁለትና ሦስት ሊትር ውሃ ሄዶ የሚያርፈው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሻጋታው ከዚያ ይነሳል። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ልብስ ማድረቅ ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ቤተሰቡ እንደተኛ ይቀራል።

የዝገት መስመር ከታየ ጥፋተኛው የማስጫው ሽቦ ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ ይግዙ። ነጩን ልብስ በሎሚና በጨው አሽተው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ከዚያ ያለቅልቁት። በረኪና አያስነኩት፣ ዝገቱን ያጸናዋል።

ቀለም ከለቀቀ ፀሐይ ነው። 2300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ጥቁር ሸሚዝን በአንድ በጋ ቡናማ ያደርጋል። ገልብጠው ጥላ ውስጥ ያስጡት። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስም እንዲሁ፤ ጥለቱ ወደ ውስጥ ሆኖ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የገባ ነጠላ ጥለቱ ተኮማትሮ መሃሉ እንደ ከረጢት ይነፋል፤ ካውያም አይመልሰውም።