የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በጁሪ ምርጫ ላይ ስላለ የዘር አድልዎ የሰጡትን ውሳኔ እንዴት እናንብብ?

ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ለልምምድ የሚመጡ የሕግ ተማሪዎች ስልካቸው ላይ የአሜሪካ ውሳኔ ጭነው ይመጣሉ። "ጋሼ፣ ይሄ ባትሰን የሚሉት ነገር ምንድን ነው?" ይሉኛል። እኛ አገር ጁሪ የለም፤ የሚፈርደው ዳኛ ነው። ቢሆንም ውሳኔዎቹ ማስረጃ መመዘን ስለሚያስተምሩ ማንበባቸውን እወደዋለሁ። እኔ የማነብበትን መንገድ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የነገሩን መነሻ ያዙ። እዚያ ከባድ ወንጀል ሲታይ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ 12 ተራ ዜጎች ናቸው፤ ጁሪ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሲመረጡ ዐቃቤ ሕጉም ተከላካይ ጠበቃውም የተወሰነ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ማስወጣት ይችላሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። መንዝ ወይም ጣርማ በር ለድንበር ክርክር ሽማግሌ ሲመረጥ ባላጋራችሁ የጠራውን ሰው "እሱማ አበልጁ ነው፣ አንቀበለውም" ትላላችሁ። ምክንያቱን የተቀመጠው ሁሉ ይሰማዋል። እዚያ ግን ማንም "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም ነበር። ስለዚህ ጥቁሩን ሁሉ አስወጥቶ ዝም ማለት ይቻል ነበር።

ታሪኩ ላይ ብዙ አትቆዩ። በ1880 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁሪ ነጭ ወንድ ብቻ ይሁን የሚለውን የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ሻረ። በ1965 በስዌን ጉዳይ ግን ተከሳሹ ዐቃቤ ሕጉ በመዝገብ ሁሉ ላይ ጥቁሮችን ማስወጣቱን ያሳይ አለ። ይህን ማን ሊያሳይ ይችላል? የቻለ የለም ማለት ይቻላል። በ1986 ባትሰን መጣ። ኬንታኪ ውስጥ በስርቆት የተከሰሰ ጥቁር ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ አራቱንም ጥቁሮች አስወጣ፤ ጁሪው ነጭ ብቻ ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በራሱ በዚያ መዝገብ ላይ የታየው ዐቃቤ ሕጉን "ለምን?" ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ማንኛውንም ውሳኔ ስታነቡ ሦስት ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ተከሳሹ "አድልዎ አለ" የሚያሰኝ ነገር ያሳየበት አንዱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከዘር ውጭ የሆነ ምክንያት የሰጠበት ሁለተኛው ነው። ዳኛው "ይህ ምክንያት እውነተኛ ነው ወይስ ሽፋን?" ብሎ የወሰነበት ሦስተኛው። ሁለተኛው ላይ አትድከሙ። በ1995 ፍርድ ቤቱ እዚያ ደረጃ ላይ የሚሰጠው ምክንያት አሳማኝ መሆን እንኳ የለበትም ብሏል። የተባለው ምክንያት የሰውዬው ረጅም ጸጉርና ጺም ነበር! እውነተኛው ትግል ሦስተኛው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ወረቀት አውጡና ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል የወጣውን ጥቁርና የተሰጠበትን ምክንያት ጻፉ። በሌላው በኩል ያው ምክንያት እያለበት የቀረውን ነጭ ፈልጉ። ካገኛችሁ ምክንያቱ ተንኮታኮተ ማለት ነው።

መልመጃ የምሰጣቸው በ2016 የተወሰነውን የፎስተርን ጉዳይ ነው፤ ክሱ የተሰማው በ1987 ጆርጂያ ውስጥ ነው። ዐቃቤ ሕጉ አንዲት ጥቁር ሴት ዕድሜዋ ለተከሳሹ ይቀርባል ብሎ አስወጣ። እሷ 34፣ ተከሳሹ 19። ዕድሜያቸው ከ36 በታች የሆኑ ስምንት ነጮች ግን በዐቃቤ ሕጉ አልወጡም፤ ከነሱ ሁለቱ ጁሪ ሆነው ተቀመጡ፣ አንዱማ የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ባሏን ፈታለች ብሎም ነበር፤ የፈቱ ነጮች ግን ቀርተዋል። በኋላ በመረጃ ነጻነት ሕግ የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ማስታወሻ ሲወጣ የጥቁሮቹ ስም በአረንጓዴ ቀለም ደምቆ ተገኘ። እንዲህ ያለ ወረቀት እጃችሁ ይገባል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። አብዛኛው መዝገብ ላይ ያለው ንጽጽሩ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የ2019ኙን የፍላወርስን አንብቡ። ሚሲሲፒ ውስጥ አንዱን ሰው በአንድ ጉዳይ አንድ ዐቃቤ ሕግ ስድስት ጊዜ ለፍርድ አቀረበው። በስድስቱ ችሎት ሊያስወጣ ከሚችላቸው 42 ጥቁሮች 41ዱን አስወጣ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እኔን የሳበኝ ግን የጥያቄው ብዛት ነው። በስድስተኛው ችሎት ያስወጣቸውን አምስት ጥቁሮች 145 ጥያቄ ጠየቃቸው። የተቀመጡትን 11 ነጮች ግን በድምሩ 12። አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው የሆነ ጥፋት አያጣም። ያልተጠየቀው ነጭ ደግሞ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ መልሱን ብቻ አትዩ፤ ማን ምን ያህል እንደተጠየቀም ቁጠሩ።

በ2008 በተወሰነው በስናይደር ጉዳይ ደግሞ ምክንያቱ ተፈትኖ ታያላችሁ። አንድ ጥቁር ተማሪ የመምህርነት ልምምድ ስላለበት ቸኩሎ ይፈርዳል ተባለ። የችሎቱ ሠራተኛ ስልክ ደውሎ የትምህርት ኃላፊውን ጠየቀ፤ ችግር የለም ተባለ። ያም ሆኖ ወጣ። ከሱ የባሰ ሥራ ያለባቸው ነጮች ቀሩ።

ልምድ ሆኖብን እኛ መጀመሪያ የምንገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። እዚህ አይሠራም። "ተሽሯል" ማለት "ተለቋል" ማለት አይደለም፤ ክሱ እንደገና ሊሰማ ይችላል። ፍላወርስ ነጻ የሆነው ክሱ በ2020 ሲነሣለት ነው። የልዩነት ሐሳቡንም፣ ማለትም ከአብላጫው ያልተስማማ ዳኛ የጻፈውን፣ አትዝለሉ። በፎስተርም በፍላወርስም ዳኛ ክላረንስ ቶማስ፣ ራሱ ጥቁር ነው፣ ተቃውሟል። ከሱ ጋር ባልስማማም የአብላጫውን ደካማ ቦታ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

መጨረሻ ላይ ወደ ባትሰን ተመልሳችሁ ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ለብቻው የጻፈውን አንብቡ። ያለ ምክንያት ማስወጣት እስካልቀረ ድረስ አድልዎው አይቆምም ይላል። እኔም ከሱ ጋር ነኝ፤ ሽፋን ምክንያት መፈልሰፍ ቀላል ነው። አሪዞና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ይህን መብት ጭራሽ አስቀርታለች። ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2018 ባወጣችው ደንብ ሆን ተብሎ መደረጉ ይረጋገጥ አትልም።