የተዘጋች የመኪና መንገድ እንዴት ታስከፍታላችሁ?

ጎንደር ላንድክሩዘር እነዳለሁ። አንድ ክረምት ወደ ገጠር የምትወስደን የጭቃ መንገድ በድንጋይ ተዘጋች። ቢሮ ሄጄ ጮህኩ። ምንም አልፈየደም።

እናንተ መጀመሪያ መንገዱን በእግር ሂዱበት። ጎማ ሣሩን የላጠበትን፣ ውሃ የቦረቦረውን ፎቶ አንሡ፤ የራሳችሁንም ጥፋት። እኔ ለካ ጭቃ ስሸሽ የሰው ግጦሽ ላይ ሁለት አዲስ መስመር አውጥቻለሁ!

ከዚያ ማመልከቻ። "ይከፈትልን" ብቻ አትበሉ። "ከሰኔ እስከ መስከረም አንነዳም፣ ቦዩን እኛ እንጠርጋለን" በሉ። በዚያ መንገድ በሽተኛ የሚያወጡት የመንደሩ ሽማግሌዎችም ይፈርሙበት። የሰሜን ተራሮች ፓርክን ግን እዚህ አታስገቡ፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት አይታሰብም።

ወረቀቱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። የእኔ የመጀመሪያው ማመልከቻ ቁጥር አልነበረውም። "የቱ ማመልከቻ?" ተባልኩ።