የዳንስ ሽልማት ምሽትን ለቴሌቪዥን ስለ ማሰናዳት

በሐዋሳ የባልሩም ዳንስ (ጥንዶች ተያይዘው የሚደንሱት እንደ ዋልዝና ታንጎ ያለ ዳንስ) እና የዳንስ ሙዚቃ ሽልማት አሰናድቶ በቴሌቪዥን ለማስተላለፍ የሚያስብ ሰው፣ ከዋንጫውና ከክብር እንግዶቹ አስቀድሞ ስለ ወለሉ ሊጨነቅ ይገባል። በአዳራሽ መድረኮች ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ የዳንሰኛዋን ተረከዝ ስለሚይዝ መነሣት አለበት፤ ዝግጅቱ በሐይቁ ዳር በሜዳ ላይ ከሆነም መብራት የሚስባቸው ነፍሳት ወለሉ ላይ ስለሚረግፉ፣ በየውድድሩ መካከል የሚጠርግ ሰው ይመደብ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሙዚቃው ነው። ዘገምተኛው ዋልዝ በ3/4 ምት፣ በደቂቃ ከ28 እስከ 30 ባር (እያንዳንዱ ባር ሦስት ምት አለው) ይጫወታል፤ ይህም ከ84 እስከ 90 ምት ማለት ነው። ባንዱ የታዳሚውን ጭብጨባ ሲሰማ ሳያውቀው ፍጥነት ስለሚጨምር፣ ከበሮ መቺው በጆሮ ማዳመጫ ሜትሮኖም (ምትን በእኩል ፍጥነት የሚቆጥር መሣሪያ) እየሰማ ይምታ። የኛን የ6/8 ዜማዎች ለዋልዝ ማስማማት የሚፈልግ ባንድም ከጥንዶቹ ጋር አስቀድሞ ቢለማመድ እጅግ ያማረ ሥራ ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥንዶች በዋልዝና በታንጎ ወለሉን ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ፣ ዋናው ካሜራ ከፍ ካለ ማዕዘን ከራስ እስከ እግር ያሳያቸው፤ ፊት ብቻ አቅርቦ እግርን መቁረጥ ዳንሱን ራሱን መቁረጥ ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ መብራቱ በምስሉ ላይ እንዳይርገበገብ የካሜራው ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) በ1/50 ሰከንድ ይስተካከል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኦስካር መድረክ የተሳሳተ ፖስታ ተሰጥቶ ያላሸነፈ ፊልም አሸናፊ ተብሎ ታውጇል። ስለዚህ የዘርፉ ስም በፖስታው ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ አስረካቢውም ለአቅራቢው ከመስጠቱ በፊት ጮክ ብሎ ያንብበው።