ከመሸጥዎ በፊት የሐረጎን ዳገት ያስወጡት
መንገድ ላይ እየቆመ የሚያስቸግርዎትን የመስክ መኪና ላስጠግነው ወይስ ልሽጠው ብለው ከተጨነቁ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተው ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ይውጡ፤ በማግስቱም ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ። ውሃው በግልጽ ጎድሎ ከሥር ግን የፈሰሰ ነገር ከሌለ፣ በተለይም በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ቅባት ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያሽገው ስስ ማሸጊያ) መቃጠሉ ያጠራጥራልና የጥገናውን ዋጋ ከመኪናው የገበያ ዋጋ ጋር ሳያነጻጽሩ ገንዘብ አያውጡ። ረጅም ዳገት ሞተሩን ያለ ዕረፍት ስለሚያስጨንቀው፣ በሜዳ የሚደበቀውን ሕመም ያወጣዋል። ችግሩ ባትሪ ወይም ቺንጊያ (በሞተሩ ላይ የሚዞረው ቀበቶ) ብቻ ከሆነ ግን፣ እነዚህ በማንኛውም መኪና ላይ የሚያልቁ ናቸውና፣ እኔ ባይሸጥ እመርጣለሁ። የሙቀት መለኪያው አስቀድሞም ከፍ የሚል ከሆነ ይህን ሙከራ ፈጽሞ አያድርጉ፤ የጋለ ራዲያተርም አይክፈቱ፣ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል።