ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለገባችሁ፦ ከዘመድ ሌላ የት ይኬዳል?

አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘመዱን ነው። ዘመድ ከሌለ የአገር ልጅ። ጥሩ ነው፣ ያለ ሰው የሚቆም የለም። ግን እነሱም ሁለት ሥራ እየሠሩ ነው። የሚያውቁትም ብዙ ጊዜ እነሱ በመጡበት ዘመን የነበረውን ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ደግሞ በሰሚ ሰሚ አይያዝም። ይህንን ሥራዬ ብለው የያዙ ነን ፕሮፊቶች፣ ማለትም ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች፣ እዚህ አካባቢ ሞልተዋል። ብዙ ሐበሻ ግን ሳያውቃቸው ወይም አፍሮ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

አገር ቤት ኤንጂኦ ሲባል ላንድክሩዘር ነው የሚታየን። እዚህ ግን ብዙው ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ በሥርዓት ከተመዘገበ እድሩም ሳይቀር ነን ፕሮፊት ነው። ትርፍ የሚከፋፈል ባለቤት የለውም ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ በስተቀር ትልልቆቹ በየዓመቱ ገቢና ወጪያቸውን ፎርም 990 በሚባለው ቅጽ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃሉ፤ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ስለዚህ አንድ ድርጅት ካጠራጠራችሁ ይህን ቅጽ ፈልጉ።

ከእኛው ሰው የተነሳው ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዓላማው ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መርዳት ነበር። መሥሪያ ቤቱ አርሊንግተን ነው። ዛሬ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣውን ሁሉ ያገለግላል፣ ለአነስተኛ ንግድ ብድር የሚሰጥ ክፍልም አለው። የሌሎቹም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሜሪስ ሴንተር የሚባለው ክሊኒክ በ1988 እ.ኤ.አ. ዲሲ ውስጥ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ሲከፈት ከመካከለኛው አሜሪካ ለመጡ ነፍሰ ጡሮች ነበር። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ክሊኒክ አለው፤ ኢንሹራንስ የሌለውም ሰው እንደ ገቢው ከፍሎ ይታከማል። «የስፓኒሾች ነው» ብላችሁ አትለፉት። ለእናንተም ነው።

በስደተኛ ፕሮግራም የመጣ ሰው ኤርፖርት ወርዶ የሚቀበለው ድርጅት ነበረው። በዲቪ የመጣ ግን ማንም አይጠብቀውም፤ በሩን ራሱ ማንኳኳት አለበት። ከየት ልጀምር የሚል ወደ እርዳታ ሰጪዎች በሚመራው የስልክ መስመር፣ 211 ይደውል። አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ወረቀት ጉዳይ። አሳይለም (ጥገኝነት) የሚጠይቅ ሰው አሜሪካ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን በእነሱ ተማምኖ መቀመጥ አደጋ ነው። ይቺ ዓመት ቤት ስትፈልጉ፣ ሥራ ስትጠይቁ ሳይታወቃችሁ ታልቃለች። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለነጻ ወይም ለርካሽ የሕግ አገልግሎት ተመዝገቡ። አዩዳ እና የካቶሊክ ቻሪቲስ የኢሚግሬሽን ክፍል ይህን ይሠራሉ። ጥቃት ደርሶባት የሸሸች ሴት ደግሞ ታሂሪህ ጀስቲስ ሴንተርን ታናግር። ወረፋው ረጅም ነው። አንዱ ጋ ብቻ ተመዝግባችሁ አትጠብቁ፣ ሦስት አራት ቦታ ደውሉ።

ከሱቅ ጀርባ ተቀምጦ «እኔ እሞላልሃለሁ» ከሚል ፎርም ሞዪ ግን ሽሹ። ከሌላ ሰው ፋይል የተገለበጠ ታሪክ በስማችሁ ያስገባና ገንዘቡን ተቀብሎ ይጠፋል። ዳኛ ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊወክላችሁ የሚችለው ጠበቃ ነው፣ ወይም በሚታወቅ ነን ፕሮፊት ውስጥ የሚሠራና የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጠው ተወካይ ነው። ፈቃዱን አሳየኝ በሉ፣ ነውር የለውም። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፣ የፈረማችሁትንም ሁሉ ኮፒ ያዙ።

ድርጅት ስትሄዱ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ኬዝ ወርከር፣ ጉዳያችሁን የሚይዝ ሠራተኛ ነው። መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ ካላችሁ የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ እኛ ሐበሾች የምንሸነፈውም እዚህ ነው። አንዲት እናት አጅቤ ሄጄ ነበር። ኬዝ ወርከሯ «ባለፈው ወር ምግብ አልቆባችሁ ያውቃል?» ስትላቸው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «ኧረ ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎደለን» አሉ። ልጅቷም የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ መኝታ ቤት ነው የሚኖሩት፤ ወር ሳይሞላ ዘይቱም ሽሮውም እንደሚያልቅ እኔ አውቃለሁ። ፈቃድ ጠየቅኩና «እማማ፣ እዚህ የሚሰጡት እርስዎ ባሉት ነው፤ ቢናገሩ ገመና ማውጣት አይደለም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያ እውነቱን ልንገራት» አሉ። ያን ዕለት የፉድ ባንክ ወረቀትም ለልጆቹ የሐኪም ቀጠሮም ይዘን ወጣን። ያለውን እንዳለ መናገር ልመና አይደለም።

አስተርጓሚ ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪዎች አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከድርጅቶቹም ብዙዎቹ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ልጃችሁን ለማስተርጎም አትውሰዱ። የዐሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም ወይም የአባቱን ዕዳ መስማት የለበትም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ማና ፉድ ሴንተርን ጠይቁ። ራሳችሁ መርጣችሁ የምትወስዱበት ቦታ ካገኛችሁ ምስርና ሽምብራ ስለሚኖር ለጾም ይሆናችኋል። ለእንግሊዝኛ የዲሲ ነዋሪ የሆነ ሰው ካርሎስ ሮዛሪዮ ትምህርት ቤት በነጻ ይማራል። ታክስ ደግሞ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በፈረንጆቹ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በቪታ ፕሮግራም በነጻ ይሠራል። ለዚህ ብላችሁ ብር አታውጡ።

ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፌዴራል ገንዘብ ስለተቀነሰ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ አሰናብተዋል፣ የዘጉትም አገልግሎት አለ። ሕጉም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ስለዚህ ሜትሮ ከመሳፈራችሁ በፊት ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አገልግሎቱ አሁን አለ ወይ፣ ክፍያ አለው ወይ፣ ምን ወረቀት ይዤ ልምጣ? ያናገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። በሁለት ሳምንት ካልደወሉላችሁ፣ እናንተው መልሳችሁ ደውሉ።